«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንት ነጥብ ነው?

«የሁለቱ ወረቀት ጤነኛ ነው። የታመመው ያንች ብቻ ነው።»

ይህን ፊት ለፊት ያሉኝ የመጦሪያው ኃላፊ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ፣ ወረቀት ሲይዙ እጃቸው ራሱ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ደርድረው በእስክሪብቶው ጫፍ እየነኩ አሳዩኝ። የእትዬ ከላይ እስከ ታች ዜሮ። የቄሱ ሚስትም ዜሮ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አንድ። የኔ አራት፣ አራት፣ አራት፣ ገጹ እስኪያልቅ።

«ሌላ ፈተና ቢሆን አንደኛ ወጣሽ እልሽ ነበር» አሉ። «በዚህኛው ግን የሚያኮራው ዜሮ ነው።»

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ፈተና አይደለም።»

«ታዲያ ነጥቡ ለምንድን ነው?»

ነጥቡ ለምን እንደሆነ እኔም በዚያ ሰዓት ጠፍቶኝ ነበር። እሳቸው ግን ማዘናቸው የእውነት ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው እንደታመመ ሰው አዩኝና «ጣራ ገዳም ሂጂ» አሉኝ። «ሰባት ቀን ተጠመቂ፣ አእምሮሽን አሳርፊና ተመለሽ። ሥራሽን እጠብቅልሻለሁ።»

«ጠበሉ አባባን ከመሬት ያነሳልኛል?»

«እንደሱ አይባልም» አሉ፤ ወረቀቶቹንም ሰበሰቡ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወረታ ከተማው አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት በኩል ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት አለ። ግማሹ የወንዶች፣ ግማሹ የሴቶች ነው። የሚኖሩበት የመርሳት ሕመም የያዛቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው፤ ሰው «ጃጁ» ብሎ የሚያልፋቸው። አንዳንዶቹ ልጅ የላቸውም። አንዳንዶቹ ልጅ አላቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣ ሲለኝ እዚያ በአስታማሚነት ተቀጠርኩ። ሦስት ነበርን። እኔ፤ የደብሩ ቄስ ሚስት፤ እና ከሁላችን በፊት የገባችው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት።

እትዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን የሚያርሱት የባሏ ወንድሞች ናቸው። ወደዚያ መመለሻ የላትም። መጋዘኑ አጠገብ ያለችው አንዲት ክፍል ቤቷ ናት፤ የተሰጠቻትም ስለምትሠራ ነው። ሥራው ከቀረ ክፍሏም ትቀራለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገረው ግን የለም። ሥራው ደግሞ ወገብ ይበላል። እትዬ ወገብ አልቀራትም። በመቀነት ላይ መቀነት ታስራለች፣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ትንፋሿን ትይዛለች፣ «ምን ሆንሽ?» ስትባል «ምን እሆናለሁ» ትላለች።

ወገቧን የጨረሱት ወንዶቹ ክፍል ያሉት አባባ ናቸው። አባባ የፎገራ ገበሬ ነበሩ፤ ግዙፍ ሰው፣ ዛሬም ክንዳቸው የኔን ጭን ያህላል። ከብት ከሜዳ በሚመለስበት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ በየቀኑ ይነሳሉ። «ላሞቹን ላስገባ» ይላሉ። በሩ ድረስ ይሄዳሉ፣ በሩ ዝግ ነው፣ ይቀመጣሉ። ጭቃ ይሁን ውኃ ይሁን ግድ የላቸውም። አንዴ ከተቀመጡ እንደለገመ በሬ ናቸው፤ ብትለምናቸው ብትጎትታቸው አይነሱም። በበሩ ሽንቁር ሜዳውን ካዩት ደግሞ ይብስባቸዋል። እሳቸው የሚያስታውሱት የግጦሽ ሜዳ ነው፤ አሁን ያለው ሩዝ ነው። «ይኸን ሣር ውኃ ውስጥ ማን ዘራው? ከብቱ የት ይብላ?» ይላሉ። «ሩዝ ነው አባባ» ስላቸው «ሩዝ ምንድን ነው?» ይላሉ። ምሳቸውን ሩዝ በልተው ነው ይህን የሚሉት።

እኔን እንጀራ እናታቸው አድርገውኛል። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ከእጄ አይጎርሱም፤ «ይች ሴትዮ አባቴን የወሰደች ናት» ይላሉ። ላንሳቸው ብዬ ስጠጋ በክርናቸው ይሉኛል። እትዬን ግን «እናቴ» ይሏታል። ስለዚህ ማጉረሱም፣ ማጠቡም፣ ማንሳቱም እሷው ላይ ወደቀ። የቄሱ ሚስት የሴቶቹን ክፍል ለብቻዋ ይዛለች። እኔ ቀሪዎቹን ወንዶች፣ የሁሉንም ልብስ፣ የሁሉንም ፖፖ።

ምግብና አንሶላ የሚልክልን የከተማ ድርጅት አለ። አንድ ሰው ይጨመርልን ብለን ሦስት ጊዜ ጻፍንለት። ጻፍን ስል እኔ ጻፍኩ፣ ጋሼ ፈረሙ። የሚጨመረው ሰው ለእትዬ ወገብ ነበር፤ አባባን የሚያነሳ አንድ ጤነኛ ጀርባ። በሦስተኛው «የሠራተኞቹ የሥራ ጭንቀት በመለኪያ ይረጋገጥ፤ ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ እንቀጥራለን» የሚል መልስ መጣ። እኔ ደስ አለኝ። ጭንቀት ከሆነ የሚፈለገው ሞልቶ ተርፎናል ብዬ።

ድርጅቱ የላከው ለኪ የመጣው በነሐሴ ነው። አንሶላ አጥበህ ሦስት ቀን የማይደርቅበት፣ መንገዱ ከሜዳው የማይለይበት ወር። ትሑት ልጅ ነበር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፣ ያስላል፣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን አቅፎታል። የጋሼ ቢሮ ስለሚያፈስ በረንዳው ላይ ወንበር ወጣለት። ጋሼ እንግዳ ብቻውን አይቀመጥም ብለው አጠገቡ ተቀመጡ። አባባም አግዳሚው ላይ ነበሩ። ሊለካ የመጣ ሰው ነው ሲባል ሰምተው ገና ቦርሳውን ሳይከፍት «ድንበሩ ያ ሾላ ነው፤ ከሱ ወዲህ እንዳትለካ» አሉት።

«እሺ አባቴ» አለ። ከዚያ ወደኛ ዞሮ አስረዳን። በሥራችሁ ምክንያት የሚሰማችሁን ነው የምጠይቀው፤ ትክክልና ስሕተት የለውም፤ ፈጽሞ፣ ከስንት አንዴ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ፤ ከአምስቱ አንዱን ትሉኛላችሁ። ፈጽሞ ዜሮ ነው፣ ሁልጊዜ አራት።

የቄሱ ሚስት ቀደመች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሰው ቤት በእንግድነት እንደሄደች ሁሉ ተቀመጠች።

«ባለፈው አንድ ወር በሥራዎ ምክንያት እንቅልፍ ያጡበት ጊዜ ነበር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።»

«አይ፣ እንቅልፍዎን ነው የምጠይቅዎት።»

«እንቅልፉም ደኅና ነው። እርስዎስ? ቤተሰብ ደኅና ነው? መንገዱ አላስቸገረዎትም?»

«ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ እያሳለ። ከዚያም ዜሮን ከበበ።

«በሚንከባከቧቸው ሰዎች ላይ ተበሳጭተው ያውቃሉ?»

«በሽማግሌ ላይ?» ብላ ወደ አባባ ዞረች። «እግዜር ያርቀው። እነሱ እኮ ምርቃት ናቸው።»

በዚያው ቀን ጠዋት አንዷ አሮጊት ፖፖውን ስትገለብጥባት «ምን በድዬህ ነው?» ብላ ወደ ጣሪያው ስትጠይቅ ከግድግዳው ወዲህ ሰምቻታለሁ።

«ሥራው ከአቅሜ በላይ ነው ብለው ያስባሉ?»

«ከአቅም በላይ እሱም አይሰጥ።»

«እንግዲህ ‹ፈጽሞ› ልበለው?»

«እርስዎ እንደመሰለዎት።»

እትዬ ተራዋ ሲደርስ አግዳሚውን በእጇ ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለኪው «የሰውነት ሕመም ይሰማዎታል?» ሲላት «የማይታመም ሰውነት አለ? የርስዎን አያምዎትም?» አለችው።

«አንዳንዴ።»

«እግዜር ይማርዎ። የኔን ይተዉት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይበሉት።»

ዜሮ።

«ሰው በማንሳት ይቸገራሉ?»

«ሰው ሸክም አይባልም፣ ልጄ።»

ዜሮ። ጋሼ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር፤ ጥሩ ተማሪ ጥሩ ሲመልስ እንደሚነቀነቅለት። እኔ ከአግዳሚው ጀርባ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። ያን ጊዜ ትሕትና ብቻ ነበር የመሰለኝ። ኃላፊዋ አጠገቧ እንደተቀመጡ፣ ክፍሏም ከጀርባዋ እንዳለች አላሰብኩም።

እኔ ግን ሳልቀመጥ መለስኩ። እንቅልፍ? ሁልጊዜ። ብስጭት? ሁልጊዜ። ሥራውን ጥሎ መሄድ ማሰብ? ሁልጊዜ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ።

«ከሁልጊዜ ከፍ ያለ የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያ ሁልጊዜ።»

ሲወጣ እስከ በሩ ተከተልኩት። «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ፤ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ስንት ነጥብ ነው?»

ቆመና አሰበ። «መመሪያው ላይ የለም። እኔ ዜሮ ነው ያልኩት።»

«ለምን?»

«ጥሩ ነገር ይመስላላ።»

«አንዲት ሴት ባሏ ሞቶ ሣልስት ላይ ‹እንዴት ነሽ?› ብትላትም እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምትልህ። እሱም ዜሮ ነው?»

«እኅቴ፣ እኔ ሰው ያላለውን መጻፍ አልችልም» አለና በጭቃው ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ሄደ።

እንግዲህ ጋሼ «የታመመው ያንች ብቻ ነው» ያሉኝ ከዚያ በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ነው። ጣራ ገዳም አልሄድኩም። ወረቀቱ ግርጌ ላይ የለኪው ስልክ ነበር፤ ደወልኩ። አስታወሰኝ። «የ‹ሁልጊዜ›ዋ ልጅ» አለኝ። ሁለቱ በትክክል አልመለሱም፣ ይደገምልን አልኩት። ብዙ አቅማማ። በመጨረሻ «በሁለት ሳምንት ውስጥ የተስተካከለ መልስ ካመጣችሁ እቀበላለሁ። አንቺ ጻፊላቸው፣ ኃላፊያችሁ ይፈርሙበት» አለ። ያልተሞላ መጠይቅ ፎቶ ኮፒ ቤት አስነስቼ በጋዋኔ ኪስ ይዤ መዞር ጀመርኩ።

እትዬንና የቄሱን ሚስት ልብስ ማጠቢያው ጋ አንድ ላይ አገኘኋቸው። ሦስት ሳፋ ሙሉ አንሶላ ነበር። ወረቀቱን አወጣሁ።

«እትዬ፣ አሁን ጋሼ የሉም፣ ለኪውም የለም። እውነቱን በይኝ።»

«እውነቱ ደኅና ነኝ ነው።»

«ትናንት መጋዘን ውስጥ ከረጢት ላይ ተጋድማ ያገኘኋት ማን ነበረች?»

«ከረጢቱን ስለካው ነበር» አለች። የቄሱ ሚስት አንሶላውን ሳፋው ውስጥ ጥላ ሳቀች።

«እትዬ፣ የሚጨመረው ሰው ላንች ነው። ዜሮ ካልሽ አይመጣም።»

«ስሚ፣ ልጄ። አባባ በየቀኑ ይመርቁኛል። ‹ወገብሽን ያጽናው› ይሉኛል። እሱን አሜን ብዬ ተቀብዬ፣ ዞር ብዬ ደግሞ ወገቤን ጨረሱት ብዬ ላስጽፍ? ምርቃቱ የት ይገባል?»

«ምርቃቱ እኮ እስካሁን ወገብሽ ጋ አልደረሰም።»

«መንገድ ላይ ይሆናል» አለች።

የሚያበሳጨኝ ይኸ ነው። ብትቆጣኝ እቆጣታለሁ፤ እሷ ግን ታስቀኛለች። ከወንዶቹ ክፍል «እናቴ» የሚል ድምፅ ሲመጣ ሳፋውን ተደግፋ ተነሳች፣ ትንፋሿን ያዘች፣ ሄደች። የቄሱ ሚስት ከኋላዋ እያየቻት ነበር።

«ወረቀትሽ ስለ ራስ ብቻ ነው የሚጠይቅ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስለ ራሴ ዜሮ ነኝ። ስለሷ ብትጠይቂኝ ግን አምስት ነበር የምልሽ።»

«አምስት የለም፤ አራት ነው የመጨረሻው።»

«እንግዲያ አራት በይና ከጎኑ ጻፊበት» ብላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ሥራ ስትጨርስ ጨው አግላ፣ በጨርቅ ቋጥራ ወገቧን ትተኩሳለች። እኔ ነኝ የምይዝላት። ቆዳዋ ጠቁሯል።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እነዚህ ሰዎች ስለ ራሳቸው አይናገሩም፤ ስለ ሌላው ግን አፋቸውን የሚይዝ የለም። ስለ ራስ ማማረር ነውር ነው። ስለ ጎረቤት ማዘን ግን ደግነት ነው። ባዶ ባልዲ ደፍቼ ላዩ ላይ ተቀመጥኩና ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ፣ ‹እርስዎ› የሚለውን ‹እሷ› እያደረግኩ አነበብኩላት። እንቅልፍ? «ጀርባዋን ስለሚያማት ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው፤ ሁልጊዜ በይ።» ብስጭት? «አትበሳጭም፤ ስትበሳጭ ዝም ነው የምትለው፤ ዝምታዋ በዝቷል፣ ብዙ ጊዜ በይ።» ሥራውን መወጣት አለመቻል? እዚህ ላይ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከእንግዲህ ማንሳት አትችልም። አባባን ስታነሳ ዓይኗ ይጨልማል፤ ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። ባለፈው ሁለቱም ሊወድቁ ነበር።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ቁጥሩንም፣ ከጎኑ ያለችውንም ቃል በቃል፣ በጥሩ ጽሕፈት።

ከሰዓት በኋላ እትዬን ስለ ቄሱ ሚስት ጠየቅኋት። ወጥመዱን አላየችውም፤ ወይም አይታው ስለ ሌላ ስለሆነ ግድ አልሰጣትም።

«እሷማ ቅዳሴ ላይ ቆማ ነው የምትተኛ» አለች። «ባሏ ሲቀድሱ ጭንቀታቸው እሷ እንዳትወድቅ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ባለፈው እራት ላይ ቄሱን ‹አፍዎን ይክፈቱ፣ ዋጥ ያድርጉ› ብላ አጉርሳ አፋቸውን በጨርቅ ጠረገቻቸው። ጎረምሳ ልጆቿ ፊት። ቄሱም ዝም ብለው ዋጡ አሉ።»

ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ። እግረ መንገዴን ስለኔስ ብዬ ጠየቅኋት።

«አንችን? አንችን የሚያስጨንቅሽ ሥራው አይደለም፤ መቀመጥ ነው። አገር ምድሩ እንዳንች ቢሆን ይኸ ሜዳ ቆሞ አይገኝም ነበር፣ ተነስቶ ይሄድ ነበር።»

ይህንንም ጻፍኩ። ምን አለበት፣ እውነት ነው።

በማግስቱ ሁለቱን ወረቀት ይዤ፣ ፊቴ ፈክቶ፣ ጋሼ ቢሮ ገባሁ። እንደ ልማዳቸው ቀይ እስክሪብቶውን አነሱ። የቄሱን ሚስት ወረቀት አንብበው ፈገግ አሉ። የእትዬን ያዙ፣ ከቁጥሮቹ ወደ ጎን ጽሑፉ ተሻገሩ፣ ‹ሁለቱም ሊወድቁ ነበር› የሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ። አሰመሩበት።

«ይኸ ጭንቀት አይደለም» አሉ። «ይኸ አቅም ማጣት ነው።»

«ያው አንድ ነው ጋሼ። ለዚህ እኮ ነው ሰው ይጨመር የምንለው።»

«ቆይ እስቲ» ብለው ለኪው ጋ ራሳቸው ደወሉ፤ ድምፁን ከፍ አድርገው እኔም ሰማሁ። ልጁ በትሕትና አስረዳቸው። ሰው ስለ ሌላ ሰው የመለሰው መልስ አይቆጠርም፤ የመጀመሪያው ይጸናል። ሰውም አይጨመርም። ጋሼ አመስግነው ዘጉ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ወደ ኪሴ ልመልሰው እጄን ስዘረጋ መዳፋቸውን ጫኑበት።

«ለሱ አይቆጠርም። ለኔ ግን ተጽፏል።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። እስካሁን አላየሁም፣ አላወቅሁም። አሁን ግን ‹ማንሳት አትችልም› ተብሎ ተጽፎ ፊቴ ላይ አለ። ነገ አባባን ይዛ ብትወድቅ፣ የሰው አጥንት ቢሰበር፣ ማን ነው የሚጠየቀው?» መነጽራቸውን አወለቁ። «ይፋግ አንዲት ልጅ አለች፣ ሥራ ይፈልጉልኝ ብላ በሰው ልካብኛለች። ጠንካራ ናት፣ በሩዝ አረም ያደገች። ሰው ካልጨመሩልን መተካት ነው። ሴትዮዋም ትረፍ።»

«የት ትረፍ?»

የእትዬን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተቱ።

«ጋሼ፣ ክፍሏስ?»

«ለልጅቷ ማደሪያ ያስፈልጋታል» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። ከዚያ ደግሞ፣ ሊያጽናኑኝ መሰለኝ፣ «አጻጻፍሽ ግን ግልጽ ነው። እንዲህ የሚጽፍ ተማሪ ብዙ አላጋጠመኝም» አሉኝ።

ለእትዬ የነገሯት ራሳቸው ናቸው፤ እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ክፍሏን እንድትለቅ። በዓሉ ሊደርስ የቀረው ትንሽ ነው። የቄሱ ሚስት ሰምታ ሴቶቹ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች፤ ድምጿ ሳይሰማ ማልቀሷን ያወቅኩት አሮጊቶቹ አብረው ሲያለቅሱ ነው። እኔ እትዬን ፍለጋ ወጥ ቤት ገባሁ። ሩዝ እየለቀመች ነበር፤ ድንጋዩን ወዲያ፣ ፍሬውን ወዲህ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ወገቤን እኮ እኔም አውቀዋለሁ» አለች። «የደበቅሁት ከሳቸው ነበር። አንች ወስደሽ ሰጠሻቸው።»

«ላግዝሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አውቄ ነው ያልሰደብኩሽ።»

«ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች።

«የት ትሄጃለሽ አሁን?»

«አንች ደግሞ መጠየቅ አታቆሚም» አለችና ሰፌዱን አነሳች።

ሌሊቱን ያሰብኩት የለም። ማሰብ አያስፈልገውም ነበር፤ ስሌቱ ቀላል ነው። ሦስት ቦታ አለ። አንዷ ከይፋግ ትመጣለች። አንዷ ትወጣለች። የምትወጣው እትዬ ትሁን ያለ ማን ነው? ጠዋት ጋሼ ቢሮውን ሲከፍቱ በሩ ላይ አገኙኝ።

«ልጅቷ በኔ ቦታ ትግባ» አልኳቸው።

«አንችስ?»

«እኔ እወጣለሁ።»

«ምን ሆንሽ? ካንች የደረሰብኝ ቅያሜ የለም።»

«ቅያሜ አይደለም። አባባ ከኔ እጅ አይጎርሱም፣ እንዳነሳቸው አይፈቅዱም። ለሳቸው እኔ ብኖርም የለሁም። ጠንካራ ጀርባ ከመጣ ማንሳቱን እሷ ታንሳ፤ ማጉረሱንና ማጠቡን እትዬ ትያዝ። ለማጉረስ ወገብ አያስፈልግም። ልጅቷ እኔ የማድርበት አልጋ ላይ ትደር። የእትዬ ክፍል አይነካ።»

ሲያስቡ ቀዩን እስክሪብቶ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል።

«ደብዳቤ ማን ይጽፍልኛል?» አሉ በመጨረሻ። «የይፋጓ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት።»

«እርስዎ መምህር አይደሉ?»

«እጄ ይንቀጠቀጣል።»

ይህን አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ፊርማቸውን ብቻ ነው ያየሁት። «የቄሱ የመጀመሪያ ልጅ ጥሩ ይጽፋል፤ እሱ ይጻፍልዎ» አልኳቸው። «ግን አንድ ነገር። እትዬ እንደምትቆይ በጽሑፍ ይሁንልኝ።»

«በቃሌ አታምኚም?»

«አምናለሁ። እርስዎ ግን የተጻፈ ነው የሚያምኑት።»

ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ በራሴ ፈቃድ ሥራ መልቀቄን የሚገልጽ፤ ሌላው እትዬ በምግብና በንጽሕና ሥራ ላይ እንደተመደበች፣ ማደሪያዋም ያው ክፍሏ እንደሆነ። አንብበው፣ ሁለት ቦታ ነጥብ ጨምረው፣ ቀስ ብለው ፈረሙ። ማኅተሙን እኔ ያዝኩላቸው፣ እሳቸው ጫኑት።

እትዬን ጠርተው ሲነግሯት አልነበርኩም። ማምሻውን የቄሱ ሚስት ልብስ ማስጫው ሥር ያዘችኝና «ጤና የለሽም» አለችኝ።

«ወረቀቱም እንደሱ ይላል» አልኳት።

«የት ልትሄጅ ነው?»

«ለጊዜው ባሕር ዳር፣ የአክስቴ ልጅ ጋ። እሷ የምትሠራበት ሆቴል አንሶላ የሚያጥብ ይፈልጋሉ።»

«ሌላ አንሶላ» አለች።

«ቢያንስ እዚያ ይደርቃል።»

የይፋጓ ልጅ ሐሙስ ጠዋት መጣች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ወሬዋ ትንሽ። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንዶቹ ክፍል ወሰድኳት። እንጀራ እናታቸውን እንዳያዩ እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እንዴት እንደምታደርግ ነገርኳት፤ አባባ ገና ከአልጋ አልወረዱም። ጉልበትሽን እጠፊ፣ በጀርባሽ አታንሺ፣ እጅሽን በብብታቸው ሥር አሳልፊ፣ ሳትቸኩይ ቁጠሪ። እትዬ በሌላው በኩል የሽሮ ሳህን ይዛ ቁጭ ብላለች።

«የማን ልጅ ነሽ?» ሲሏት ሰማሁ።

«የይፋግ ነኝ አባባ።»

«ገበያው ቆሟል?»

«ቆሟል።»

«እንግዲያ እንነሳ» አሉና ተነሱ።

ጋዋኔን አጣጥፌ የቄሱ ሚስት እጅ ላይ አኖርኩ። ጋሼ ቢሮ በሩ ክፍት ነበር፤ ጎንበስ አልኩ፣ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ሻንጣዬን አንስቼ ግቢውን ሳቋርጥ እትዬ ባዶውን ሳህን ይዛ በረንዳው ላይ ወጣች።

«ዝናቡ ሳይጥል ሂጂ» አለችኝ።

«እሺ እትዬ።»

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። አስፋልቱ ላይ የቆመ ባጃጅ ነበር።

«ወዴት?» አለኝ።

«መናኸሪያ» አልኩትና ገባሁ።